«ጠላው አልደረሰም እንዴ?» የአንድ የመንዝ ቀረርቶ የባለቤትነት ጉዳይ

በሰኔ 2015 አንድ ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ ወንድም ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ገባና፣ ወረፋ የያዙትን ተማሪዎች አልፎ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ አባባን ሌባ አሏቸው» አለኝ።

አየሁት። በጥር ወር በእኅቱ ሠርግ ላይ አባታቸው ያሰሙት ቀረርቶ ነው። አባባ ዳሱ መሐል ቆመዋል፤ ከዘራቸውን ያነሣሉ፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ይመልሳሉ፣ አፋቸው ይከፈታል። ድምፅ ግን የለም። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የሰፈረው ማሳሰቢያ በቪዲዮው ውስጥ ያለው ድምፅ የሌላ ባለመብት በመሆኑ መዘጋቱን ይናገራል። የባለመብቱም ስም ተጽፏል፤ ባህላዊ ዜማዎችን እየሰበሰበ የሚያቀርብ፣ አንድም ቀን ሰምተነው የማናውቅ ቻናል ነው።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በሱቄ ውስጥ ስለ ኢንተርኔትና ስለ መብት ለዓመታት ሲወራ የሰማሁት ሁሉ በዚህ በአንድ ቪዲዮ ላይ ስለተፈተነ ነው። የሰዎቹንም የቻናሉንም፣ ቪዲዮው የተጫነበትንም የኢንተርኔት መድረክ ስም ትቻለሁ።

ድምፁ ከቤት እንዴት ወጣ

ሠርጉ የተደረገው በመሐል ሜዳ አቅራቢያ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ የሚታጠፈው መንገድ በመዘዞና በሞላሌ በኩል እዚያ ያደርሳል። አባባ ገበሬ ናቸው። አዝማሪ አይደሉም፤ በድምፃቸው አንድ ብር በልተው አያውቁም። ነገር ግን በአካባቢው ሠርግ ሲኖር «እርስዎ ካልመጡ ዳሱ አይሞቅም» ይባላሉ። በዚያ ዓመት ውርጭ ገብሱን ክፉኛ መትቶት ነበርና ቀረርቷቸውን በዚሁ ጀመሩት፤ ጓሳ የደጋችን ሣር ነው፦

ገብሴን ውርጭ ቢመታው፣ ጎተራዬ ቢሳሳ፣
ጠዋት ቀና እላለሁ እንደ ረገጡት ጓሳ።

የቀረጸው የባለቤቴ ወንድም ነው፣ በራሱ ስልክ፣ ከዳሱ ምሰሶ ተደግፎ። ቀረጻው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በአራተኛው ደቂቃ ከአሥራ ሁለተኛው ሰከንድ ላይ፣ አባባ ትንፋሽ ለመውሰድ ባቆሙባት ቅጽበት፣ የባለቤቴ አክስት ከጓዳ በኩል «ጠላው አልደረሰም እንዴ?» ብለው ይጮኻሉ። በቤተሰቡ ውስጥ ያ ድምፅ ለሳምንታት መሣቂያ ሆኖ ከርሟል። አንባቢ ይህችን ሰከንድ ይያዝልኝ።

ቪዲዮው በማግሥቱ ለዘመድ በሙሉ በቴሌግራም ተላከ። ከዘመድ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ አዲስ አበባ ተሻገረ። በሳምንቱ የካቲት ገባና ማኅበራዊ መገናኛዎች ያለ ቪፒኤን አልከፈት አሉ፤ እገዳው እስከ ሐምሌ 2015 ዘልቋል። የባለቤቴ ወንድም «ሲለቀቅ በቻናሌ ላይ እጭነዋለሁ» ብሎ ጠበቀ። ሳይለቀቅ ሲቀር ለፋሲካ አዲስ አበባ በሄደበት በጓደኛው ኮምፒውተር በቪፒኤን ጫነው። እሱ ሲጠብቅ ሌላው አልጠበቀም ነበር። ያ ቻናል ድምፁን ከምስሉ ለይቶ፣ የተራራ ፎቶግራፍ ለጥፎበት፣ በአንድ የዲጂታል ሙዚቃ አከፋፋይ በኩል የራሱ ሥራ አድርጎ አስመዝግቦታል።

መድረኩ የሚጠቀምበት ማሽን ማን እንደዘፈነ አያውቅም። የተመዘገበለትን ድምፅ እንደ ጣት አሻራ ያስቀምጥና በየቀኑ የሚጫነውን ሁሉ ከዚያ ጋር ያመሳክራል። ሁለቱ ከገጠሙ ቀድሞ የተመዘገበው ባለቤት፣ ዘግይቶ የመጣው ተጠርጣሪ ይሆናል። አባባ በገዛ ድምፃቸው የተጠረጠሩት በዚህ አሠራር ነው። ዘራፊውን በስድብ ማጥገብ ይቻላል፤ እኔን ግን የበለጠ ያናደደኝ እገዳው ነው። የአንዱን እጅ አስሮ የሌላውን የፈታ እገዳ በሩጫው ውስጥ ዳኛ ሆኖ ገብቷል፤ ይህንንም ማንም በሕግ ቋንቋ አይጽፈውም።

ሱቁ ውስጥ የተባለው

የተቃውሞውን ቅጽ የሞላነው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ማሳሰቢያውን ወደ አማርኛ እየመለስን ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ስናነብ ከረምን። ሰው ሁሉ አስተያየት አለው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ መጥቶ፣ «ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ የሁሉም ነው፤ ካልፈለጋችሁ ለምን አወጣችሁት?» አለን። ጽሑፉ ከሽፋኑ ሥር «ያለ ደራሲው ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» የሚል እንደነበረበት ሳላሳየው አላለፍኩም። አንድ መምህር ደግሞ በተቃራኒው ቆሙ፤ «ይከሰስ!» አሉ፣ ሌላ ቃል የለም። ከሁሉም ያሰላሰልኩት ግን ቅኔ ቤት የዋሉ አንድ መሪጌታ የተናገሩትን ነው። በቅኔ ቤት ቅኔ ሲገጠም «ይዘረፋል» ይባላል፤ ነገር ግን የሌላውን ቅኔ መልሶ ማቅረብ ነውር ነው፤ ቅኔ ሁልጊዜ አዲስ መሆን አለበት። አዝማሪ ቤት ግን ሌላ ነው። ሰሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ለአዝማሪው ይሰጠዋል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ከዚያ በኋላ ግጥሙ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። «አባባ የሠርጉ ዕለት የትኛው ቤት ነበሩ? ቅኔ ቤት ወይስ አዝማሪ ቤት?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ቀረርቶ ከሁለቱም አይደለም፣ ከሁለቱም ግን ይወስዳል።

እኔ ራሴም በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለሁም። ፎቶ ኮፒ ማሽኔ ስንት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር እንደበላ እሱ ያውቃል። ከዚህ በፊትም በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ሙዚቃና ፊልም እየጫንኩ ሸጫለሁ፤ ዘፋኙ ማን እንደሆነ እንጂ ምን እንደሚደርሰው ጠይቄ አላውቅም። አማቴ ሲነኩ ነው ሕጉን ፈልጌ ያነበብኩት። ይህን የምለው ለንስሐ አይደለም፤ ብዙ ሰው ስለ ቅጂ መብት ያለው አቋም የሚቀየረው በዚህ ዓይነት ቀን ስለሆነ ነው።

ሕጉን ከፍቼ ሳነብ

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ከተደረገለት ማሻሻያ ጋር፣ እንደ ፈራሁት አስቸጋሪ ንባብ አልነበረም። ሥራው ወጥ፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳ፣ ከሆነና ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ግዙፍነት ካገኘ፣ ምንም ዓይነት ምዝገባ ሳያስፈልገው ይጠበቃል። የጥራቱ ደረጃም የተሠራበት ዓላማም አይጠየቅም። ጥበቃው በደራሲው ሕይወት ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። የሚዘፍነው ወይም የሚያዜመው ሰው፣ አዋጁ «ከዋኝ» የሚለው፣ በክዋኔው ላይ የራሱ መብት አለው፤ ይህም 50 ዓመት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። አባባ ያንን የጓሳ ግጥም ለሦስት ወር በእርሻ ላይ ለራሳቸው ሲያዜሙት ቢቆዩ፣ በሕጉ ፊት ገና ምንም የለም፤ አየር ነው። የባለቤቴ ወንድም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ቀይዋን ክብ በነካባት ቅጽበት ግን ግጥሙ ሥራ፣ አባባም ደራሲ ሆኑ። ያችው ቅጽበት ናት መብቱንም የወለደችው፣ ስርቆቱንም ያስቻለችው። ከቀረጸው ልጅ ይልቅ መብቱ የአባባ መሆኑን ለልጁ ማስረዳትም ጊዜ ወስዶብኛል፤ «ስልኩ የኔ፣ ካርዱ የኔ» ይል ነበር።

ወደ ቅጣቱ ስደርስ ደነገጥኩ። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። በከባድ ቸልተኝነት ከሆነ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት። በፍትሐ ብሔር ደግሞ የሞራል ካሣው ከ100,000 ብር አያንስም። ይህንን ለአባባ በስልክ ነገርኳቸው።

«አሥር ዓመት? ለአንድ ቀረርቶ?» አሉኝ።

«ሕጉ እንዲህ ይላል፣ አባባ።»

«እናት የለችውም እንዴ ልጁ? ተው፣ ይህንንስ ለማንም እንዳትናገር።»

በሚቀጥሉት ወራት ደጋግሜ ያየሁት ነገር ይኸው ነው። ሕጉ ጥርስ አለው፤ ነገር ግን ጥርሱ ከጥፋቱ በላይ ስለሆነ እንደ አባባ ያለ ሰው ሊያነሣው አይደፍርም። የፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ «ይህን ልጅ አሥር ዓመት እሰሩልኝ» የሚል የመንዝ ሽማግሌ አላውቅም።

ሰዓቱ አይቆምም

ተቃውሟችን ሲደርሰው ቻናሉ በመድረኩ ደንብ መሠረት 30 ቀን አለው። ዝም ካለ ጥያቄው ይወድቃል። እኛም ዝም እንዲል ስንጸልይ፣ ነሐሴ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነገር ተለወጠ። የዚያን ጊዜ የሆነውን የአማራ ክልል ነዋሪ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ሱቄ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር የጽሕፈት መኪና ሆነ። ኢሜይል መክፈት የፈለገ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፎ ይሰጥ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት ይሰጣል፤ በዚያ ሰሞን ግን ነፃነቱ በሚኒባስ ነበር የሚመጣው።

በጥቅምት 2016 ቀለምና ወረቀት ለመግዛት እኔ ራሴ 130 ኪሎ ሜትሩን ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ኪሴ ውስጥ የአሥራ አንድ ሰው ኢሜይልና የይለፍ ቃል አለ። ከሰዎቹ የአንዷ የትምህርት ዕድል ማመልከቻ ጊዜው አልፎበት አገኘሁት፤ ይህን መልሼ መንገር ከቀረርቶው ጉዳይ ሁሉ ከብዶኛል። የባለቤቴን ወንድም ሳጥን ስከፍት ቻናሉ ተቃውሟችንን ከሁለት ወር በፊት ውድቅ አድርጎታል። ወዲያውኑ ይግባኝ አልኩ። በማስረጃው ቦታ ላይም ያችን ሰከንድ ጻፍኩ፦ «በእነሱ ቅጂ 4፡12 ላይ የምትሰማው ሴት የእኛ አክስት ናት፤ የምትጠይቀውም ስለ ጠላ ነው።» በእንግሊዝኛ ጠላን ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

በስድስተኛው ቀን መልስ መጣ። ቻናሉ በሕግ አግባብ «ይነሣልኝ» ብሏል። ቪዲዮው ምስሉም ጭምር ከመድረኩ ጠፋ፤ በባለቤቴ ወንድም ላይም ማስጠንቀቂያ ተመዘገበበት። ሦስት ማስጠንቀቂያ ከሞላ ቻናሉ ይዘጋል።

አንድ መንገድ ቀርቶን ነበር። መድረኩ በሚተዳደርበት፣ በአሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣው የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ መሠረት፣ ቪዲዮው በስሕተት ተነሥቷል የሚል የመልስ ማሳወቂያ መላክ ይቻላል። ቅጹ አጭር ነው። እውነተኛ ስምና አድራሻ ይጠይቃል፤ አድራሻውም ለከሳሹ ይተላለፋል። በሐሰት ከተናገሩ በሐሰት መሐላ እንደሚጠየቁ አምነው ይፈርማሉ። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር ሰው ደግሞ መድረኩ በሚገኝበት አካባቢ ያለው የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በእሱ ላይ ሥልጣን እንዲኖረው ይስማማል። ከዚያ በኋላ ከሳሹ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ባሉ የሥራ ቀናት ውስጥ ክስ ካልመሠረተ ቪዲዮው ይመለሳል።

የስልክ ጥሪ በሚሠራበት ሰዓት ጠብቄ ደወልኩ።

«አባባ፣ ለመመለስ የአሜሪካን ዳኛ እንቀበላለን ብለን መፈረም አለብን።»

«ዳኛው አማርኛ ይሰማል?»

«አይሰማም።»

«ታዲያ ምን ሰምቶ ይፈርዳል? ተወው። ግጥሙ እንደሆነ እኔ ጋ ነው ያለው።»

ፈራሚው የባለቤቴ ወንድም ነበርና እሱም አልፈረመም። የአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚለውን ሲያነብ እጁ እንደቀዘቀዘ በኋላ ነግሮኛል። ቻናሉም ያው የእኛ አገር ልጅ እንጂ የአሜሪካ ኩባንያ አልነበረም፤ ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዶ የሚከስ አይመስለኝም። እንደዚያም ሆኖ ቅጹ ሥራውን ሠርቷል፤ ይገባኛል ለማለት ጥቂት ሳጥን መሙላት ሲበቃ፣ አይገባህም ለማለት ባሕር ማዶ መሻገር ያስፈልጋል።

በሽምግልና

መፍትሔው የመጣው ከወረቀት ደንበኞቼ በአንዱ በኩል ነው። የቻናሉን ባለቤት ያውቀዋል፤ የእናቱ አገር ሞላሌ መሆኑንም ነገረን። ከዚህ በኋላ ነገሩ የምናውቀውን መንገድ ያዘ። ሁለት ሽማግሌዎች ተላኩ፤ አንደኛው ቄስ ናቸው። በጥር 2016 ልጁ ለዘመድ ጥየቃ ደብረ ብርሃን ሲመጣ በእኔ ቤት ተቀመጥን። አባባም ከመሐል ሜዳ መጥተው ነበር።

ልጁ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ትሑት ልጅ ነው፤ እኔ የጠበቅሁት ሌላ ነበር። «ባህል ነው ብዬ ነው፤ የማንም ነው ብዬ አላሰብኩም። ድምፁን ያጸዳሁት፣ ጫጫታውን የቀነስኩት እኔ ነኝ» አለ። ቄሱ ስልኩን ተቀብለው ከፈቱት። በአራተኛው ደቂቃ ላይ የአክስታችን ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ያልጸዳው እሱ ብቻ ነው። ሁሉም ሣቀ፤ አክስታችን ከማጀት ሆነው «እኔም ድርሻዬን እፈልጋለሁ!» አሉ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ አባባን ምን እንደሚፈልጉ ጠየቋቸው። ገንዘብ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አባባ ግን ልጁን ድምፁን ከመጀመሪያው እንዲያስጀምረው አዘዙትና፣ በየስንኙ ላይ እያስቆሙት ተናገሩ። «ይቺ የጓሳዋ የኔ ናት። ውርጩ በመታን ዓመት ያልኳት ናት።» ቀጠለ። «ይቺ የፈረሷ የአባቴ ናት፣ ነፍሱን ይማረው፣ ማይጨው ደርሶ የተመለሰ ነው።» ቀጠለ። «ይቺን ከማን እንደሰማኋት አላውቅም፤ ልጅ ሳለሁ ሁሉም ይላታል።» ቀጠለ። «ይቺ የሙሽራዋ አጎት የሰጠኝ ናት፣ እዚያው ዳሱ ውስጥ። አስታወስከኝ?» አጎትየው ከጥግ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ለዘጠኝ ደቂቃ ድምፅ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀ። እኔ በደብተር ጻፍኩት። አዋጁን ይዤ ስመለከተው ግማሹ የተጠበቀ ሥራ ነው፣ ግማሹ ደራሲው የሞተና ቀድሞ ያልተጻፈ፣ ጥቂቱ ባለቤት የሌለው ነው። በመሪጌታው አነጋገር ደግሞ ከቅኔ ቤትም ከአዝማሪ ቤትም የመጣ ነው። አባባ ግን በምንም መዝገብ ላይ ሳይጻፍ እያንዳንዱን ስንኝ የማን እንደሆነ ለይተው ያውቁታል። የእርሻቸውን ድንበር የሚያውቁትን ያህል ነው።

ስምምነቱ አጭር ነበር። ልጁ የይነሣልኝ ጥያቄውን ይተዋል፤ በቪዲዮው ሥር የስንኞቹ ዝርዝር ይጻፋል፤ ገንዘብ አይጠየቅም። እዚያው ተቀምጦ መድረኩ ላይ ጥያቄውን አነሣ። ቪዲዮው በሁለተኛው ቀን ከነድምፁ ተመለሰ፤ ማስጠንቀቂያውም ተሠረዘ። በአጠገባችን የነበሩት ቄስ «ካሊፎርኒያ ከዚህ ቅርብ ኖሯል» ብለው ቀለዱ።

አንድ ነገር አልተፈጸመም። ልጁ ድምፁን በአከፋፋዩ በኩል ለሌሎች የሙዚቃ አገልግሎቶችም ልኮት ነበር፤ ከእነዚያ ላይ ለማስተካከል የባለቤቱን ስም ቀይሮ እንደገና ማስመዝገብ አለበት። ቅጹን ባለፈው ሳምንት ላከልኝ። «ደራሲ» የሚለው ሳጥን አንድ ስም ብቻ ይቀበላል፤ ሁለተኛ ስም ሲጻፍበት ቀይ ይሆናል። የአባባን ስም ብቻ ልጻፍ ወይስ የአባታቸውንም ስም ላስገባ ብዬ መሐል ሜዳ ደወልኩ። የባለቤቴ እናት ናቸው ያነሡት። ገብስ አጨዳ ላይ ናቸው፣ ማታ ሲገቡ እጠይቃቸዋለሁ አሉኝ።